ሞተር ይዞ ተራራ የወጣው ሰው፦ የዶክተር ሳንፎርድ ሞስ የሕይወት ታሪክ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በጭነት መኪና ወደ ጨንቻ የወጣ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1285 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ጨንቻ ከ2700 ሜትር በላይ ላይ ናት። መንገዱ ቢበዛ 37 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህች አጭር መንገድ ከአባያና ከጫሞ ሙቀት ወደ ዶርዜ ብርድ ሲወጣ ሰው ጋቢውን ይደርባል፤ መኪናው ደግሞ ይደክማል፥ ጥቁር ጭስም ይተፋል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ናፍጣውን ይረግማል፥ ረዳቱ ፓምፑን ያማል፥ ተሳፋሪውም መኪናው አርጅቷል ብሎ ይፈርዳል። አየሩን የሚጠረጥር ግን እምብዛም አይገኝም።

አየሩን ጠርጥሮ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ሰው ግን ነበረ። የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች ስሙን ስለ ቱርቦ ሲማሩ አግኝተውት ይሆናል፤ የቀረነው ግን ብዙ ስለማናውቀው ታሪኩን በዚህ መጽሔት ማስፈር ተገቢ መሰለኝ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሳንፎርድ ሞስ በ1872 በሳንፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደ። ገና በ16 ዓመቱ የታመቀ አየር መሣሪያዎች በሚሠሩበት ፋብሪካ ተለማማጅ ሆኖ ገባና 4 ዓመት በእጁ ሠራ። በዚያ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ይኸውም ነዳጅ በታመቀ አየር ውስጥ ቢቃጠል የሚወጣው ጋዝ መንኰራኵር ሊያዞር ይችላል የሚል ነበር። ከፋብሪካው ወጥቶ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1896 የመጀመሪያ፥ በ1900 ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ፤ በ1903ም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሆነ። የዶክትሬት ጽሑፉም ያው የልጅነት ሐሳቡ ነበር። የመመረቂያ ርእስ አጥተን ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ለምንዞር ተማሪዎች ይህ የሚያስቀና ነው።

ዳሩ ግን ሐሳቡ አልሠራለትም። መንኰራኵሩ ዞረ፤ ነገር ግን አየሩን ለማመቅ የሚጠፋው ኃይል መንኰራኵሩ ከሚሰጠው በለጠ። በዚያው በ1903 ሊን በተባለችው ከተማ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ፋብሪካ ተቀጥሮ ምርምሩን ቢቀጥልም፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩባንያው ሥራውን አቆመው። ሞስም ለማቅለጫ ምድጃዎች አየር የሚነፉ መጭመቂያዎችን ወደ መሥራት ዞረ። አሥር ዓመት ያህል በዚህ አለፈ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች ከፍ ባሉ ቍጥር ሞተሮቻቸው ይደክሙ ጀመር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 1 ኪሎ ቤንዚን በትክክል ይቃጠል ዘንድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሲሊንደሩ ግን የሚስበው በመጠን እንጂ በክብደት አይደለም። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ሲሊንደር ያው መጠን ስቦ የሚያገኘው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው፤ ካርቡራቶሩ ደግሞ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል፥ ሞተሩም ይታፈናል። ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ተርባይን አዙሮ አየር ማስገባት ይቻላል ብሎ በ1905 ፓተንት ያወጣው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ነበር፤ በጦርነቱም ጊዜ ፈረንሳዊው ራቶ ለአውሮፕላን የሚሆነውን ሠራ። በ1917 የአሜሪካ የአየር በረራ ምርምር ሸንጎ ሊቀ መንበር የነበረው ዱራንድ፥ ቀድሞ የኮርኔል መምህር ስለነበረና የሞስን ጽሑፍ ስለሚያውቅ፥ ወደ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ጻፈ። በዚህ ምክንያት ሞስ ወደ ጥንት ፍቅሩ ተመለሰ።

አሁን ችግሩ መሣሪያውን መሥራት ብቻ ሳይሆን መፈተን ሆነ። ስስ አየር ሜዳ ላይ አይገኝም፤ አውሮፕላን ላይ ጭኖ መሞከር ደግሞ ሲበላሽ ከሰማይ መውደቅ ነው። ስለዚህ ሞስ ተራራ መረጠ። በ1918 መጸው ባለ 12 ሲሊንደሩ የሊበርቲ ሞተር በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ጫፍ ወጣ። ጫፉ 4300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከራስ ዳሸን ጥቂት ቢያንስ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ስድስት አሥረኛ አይሞላም። ሜዳ ላይ 350 የፈረስ ጕልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ያለ ቱርቦ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ልብ በሉ፤ ሞተሩ ያው ነው፥ የተጨመረለት አየር ነው።

ይህን ወደ መንገዳችን ብናመጣው፥ በስሌት የአርባ ምንጭ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ከመቶ 86 ያህል ሲሆን የጨንቻው 72 ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና ዳገቱ ላይ ቢታክት አይፈረድበትም። ባለ ቱርቦው ግን ጉድለቱን ሊያካክስ የተሠራ ስለሆነ፥ እሱ ጥቁር ጭስ ከተፋ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚነካው የነዳጁ ፓምፕ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ የኋላውን ማስቀደም ነው። ጥቁር ጭስ የሚለው ነዳጁ ካለው አየር በዝቷል ብቻ ነው፤ ነዳጁ ጨመረ ወይስ አየሩ ጐደለ የሚለውን አይነግርም። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ፥ ወይም ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ላይታወቅ ይችላል፤ ግፊት ሲመጣ ይከፈታል። ማጣሪያን አራግፎ ጎማን በእጅ ለመዳሰስ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም።

በቤንዚን ሞተር ነገሩ የባሰ ተንኰለኛ ነው። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ድብልቁ ወፍሯል፤ ከነጣና ከተቃጠለ ሳስቷል ይባላል። በቱርቦ ግፊት ላይ የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ያንኳኳል፥ ፒስተን እስከ ማቅለጥም ይደርሳል፤ ለዚህ ነው ሙሉ ጭነት ላይ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 12 ኪሎ አየር ገደማ ብቻ የሚሰጠው። ገቢውን አየር በሚለካ ሞተር ከስሮትሉ በኋላ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ምልክት ይታያል፦ በሚኒሞ ያልተለካ አየር ይገባና ድብልቁ ይሳሳል፤ ግፊት ሲመጣ የተለካው አየር ይወጣና ይወፍራል። እንዲሁም አንድ ካንዴላ እሳት ካልሰጠ ያልተቃጠለው ኦክሲጅን ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ በዚያ ያለው መለኪያም ሳስቷል ብሎ ይዋሻል። ያን አምኖ ቤንዚን የጨመረ ሰው ሞተሩን ያሰጥመዋል። በ1962 ከመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ መኪናዎች አንዷ የሆነችው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ማንኳኳትን ለመከላከል የውኃና የአልኮል ድብልቅ ይረጭላት ነበር። ባለቤቶቹ ዕቃውን መሙላት እየረሱ ችግር ገጠማት።

ወደ ሞስ እንመለስ። ጦርነቱ ተራራው ላይ ፈተና በተደረገበት በዚያው መጸው አለቀና ቱርቦው ሳይዘምት ቀረ። በፌብሩዋሪ 1920 ሽሮደር የተባለ አብራሪ በሞስ ቱርቦ ከ33,000 ጫማ በላይ ወጣ፤ ኦክሲጅን አልቆበት ራሱን ስቶ ቍልቍል ሲወርድ መሬት ሳይደርስ ነቅቶ በሕይወት አረፈ። ሞተሩ አየር ሲያገኝ ሰውየው አጣ። ከዚያ በኋላ ሥራው በዝግታ ሄደ፤ በቀይ ጋለ ጭስ ውስጥ የሚሽከረከረውን መንኰራኵር የሚችል ብረት መፈለግ ብቻውን ብዙ ዓመታት ፈጀ። ሞስ በ1938 ጡረታ ወጣ፤ ግን ተመልሶ ተጠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የተባለው ቦምብ ጣይ አራቱም ሞተሮቹ ቱርቦ ነበራቸው። በ1940 የኮሊየር ዋንጫ ተሸለመ።

በ1941 የእንግሊዙ የዊትል የጄት ሞተር ንድፍ ወደ አሜሪካ ሲመጣ፥ በቱርቦ ሥራ ልምድ አለው ተብሎ የተሰጠው ለዚያው ለሊን ፋብሪካ ነበር። በታመቀ አየር ውስጥ ነዳጅ እያቃጠለ የራሱን መጭመቂያ የሚያዞረው ሞተር በኤፕሪል 1942 በዚያ ተነሣ። ሞስ ያን ጊዜ 69 ዓመቱ ነበር። በኖቬምበር 1946 በዚያችው በሊን ዐረፈ።