የሃሮልድ ሎይድ ትጋት

ሃሮልድ ሎይድ በአሜሪካ አገር፥ ነብራስካ በሚባለው ግዛት፥ ቡርቻርድ በምትባል ትንሽ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. ተወለደ። በጐለመሰም ጊዜ በካሊፎርኒያ በሲኒማ ሥራ ገባ።

በዚያ ዘመን ሲኒማ ድምፅ አልነበረውም። የሚያሥቁት አጫጭር ፊልሞች ለዐሥር ወይም ለሃያ ደቂቃ ያህል ይታዩ ነበር፤ ተጫዋቹም ሰውን የሚያሥቀው በቃሉ ሳይሆን በፊቱ፥ በእጁና በእግሩ ነበረ።

ሎይድ በመጀመሪያ የቻርሊ ቻፕሊንን ዝና አይቶ እርሱን ተከተለ። ቻፕሊን ሰፊ ሱሪ ይለብስ ስለ ነበረ፥ ሎይድ ጠባብ ለበሰ። ሰዎች ሣቁ፤ እርሱ ግን የሌላ ሰው ጥላ ሆኖ መኖርን አልወደደም። ስለዚህ በ1917 ያንን ልብስ ትቶ እንደ ማንኛውም ጐበዝ ለበሰ፤ መስተዋት የሌለው መነጽርም በዓይኑ ላይ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ በመነጽሩ ያውቀው ጀመር።

ነገር ግን የራሱን መልክ ባገኘ በሁለተኛው ዓመት፥ በ1919፥ ታላቅ መከራ ደረሰበት። ፎቶግራፍ ሊነሣ ቆሞ ሳለ ለጨዋታ የተሠራ የመሰለውን ቦምብ በእጁ ያዘ። ቦምቡ ግን እውነተኛ ነበረና ፈነዳ። የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቈረጠበት፤ ፊቱም ተቃጠለ፤ ዓይኖቹም ለጊዜው ማየት ተሳናቸው። ሥራው ሁሉ በፊቱና በእጁ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚከፋ ምን ጉዳት አለ?

ሎይድ ግን ተስፋ አልቈረጠም። ለብዙ ጊዜ ከታከመ በኋላ ቍስሉ ዳነ፤ ዓይኑም በራ። የጠፉትን ጣቶች የሚመስል ነገር ያለበት ጓንት አሠርቶ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ አጋምሶ የተወውንም አጭር ፊልም ፈጸመ። በ1923 በወጣው ረጅም ፊልም ከታላቅ ሕንፃ ሰዓት ላይ ተንጠልጥሎ ታየ። ያዩት ሰዎች በፍርሃትና በሣቅ ተጨነቁ፤ ብዙዎቹም ያች እጅ ጐደሎ መሆንዋን አላወቁም።

ዕድሜው ከገፋ በኋላ፥ በ1949፥ አካላቸው የተጐዳ ልጆችን በነፃ የሚያሳክም ማኅበር አለቃ ሆነ፤ በ1971ም ሞተ።

ልጆች ሆይ፤ መከራ ሲያገኛችሁ የጠፋውን ብቻ አትቍጠሩ፤ የቀረውንም ቍጠሩ። ሎይድ ሁለት ጣቶች ጠፉበት፤ በቀሩት በስምንቱ ግን ሠራ።