እስክንድር ቦጎሲያን፤ ክታቡን ያልናቀ ሠዓሊ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ያደግን ሁሉ ክታብ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ሰው ሲታመም ደብተራው የፍየል ወይም የበግ ብራና በበሽተኛው ቁመት ልክ ለክቶ፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ጸሎቱን ይጽፍበታል፤ በየመካከሉም ሰይፍ የመዘዘ መልአክና ዐይኑ ያፈጠጠ ፊት ይሥልበታል። ከዚያ በኋላ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና ባንገት ይንጠለጠላል። እኛ ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባን ወዲህ ይህ ነገር ሲነሣ እናፍራለን፤ አለዚያም እንስቃለን። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ይህን የምናፍርበትን ነገር በክብር ስላየ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 በአዲስ አበባ ተወለደ። ዘመኑ ኢጣልያ አገራችንን የያዘበት ክፉ ዘመን ነበረ። እናቱ ኢትዮጵያዊት ስትሆን፣ የአርመን ትውልድ ያለው አባቱ የክቡር ዘበኛ ኮሎኔል ነበረ፤ በወረራውም ጊዜ በጠላት እጅ ታስሯል። ልጁ ያደገው በዘመድ ቤት ነው። በመጀመሪያ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ቈጠረ፤ ኋላም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማረ። የሥዕልን ነገር ካስተማሩት አንዱ የኢትዮጵያን ጥንታዊ ሥዕል ያጠና የነበረው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ነበረ።

በ1955 መንግሥት ወደ አውሮፓ ላከው። ያገራችን የቆሎ ተማሪ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ ወደ ዙር አባ እንደሚሄድ፣ እሱም ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ተሻገረ። ሁለት ዓመት በለንደን ተማረ፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄዶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀመጠ። በዚያም ግራንድ ሾሚዬር በሚባለው የሥዕል ቤት መጀመሪያ ተማሪ፣ ኋላም አስተማሪ ሆነ።

ያን ጊዜ ፓሪስ ከአፍሪካና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ደራስያንና ሠዓልያን የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። የቅኝ ግዛት ቀንበር የሚወድቅበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ ጥቁር ሰው ለዓለም የሚያሳየው የራሱ ነገር ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በየቡና ቤቱ ይነሣ ነበረ። እስክንድር ልቡን ከነኩት ሠዓልያን አንዱን ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው፤ እርሱም የኩባው ዊፍሬዶ ላም ነው።

ዊፍሬዶ በ1902 ከቻይናዊ አባትና የአፍሪካና የስፓኝ ደም ካላት እናት ተወለደ። ክርስትና ያነሣችው ሴት በባርነት ተግዘው የመጡ አፍሪካውያን ያቈዩት እምነት ዐዋቂ ነበረች። እሱ በማድሪድ ተምሮ፣ በፓሪስ ከፒካሶ ጋር ተወዳጅቶ፣ በ1941 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1943ም «ጫካ» የተባለውን ታላቅ ሥዕሉን ጨረሰ። በዚህ ሥዕል የሸንኮራ አገዳው ከጭንብል ፊቶች ጋር ተደባልቆ ይታያል። አውሮፓ ያስተማረችውን እጅ፣ እናቶቹ ላወረሱት መንፈስ አሠራው ማለት ነው።

እስክንድርም እንዲሁ አደረገ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን እንዳለ አልገለበጠም፤ የፈረንጆቹንም አልቀዳም። የክታቡን ዐይን፣ የጠልሰሙን ኮከብ፣ የብራናውን ጥቅልል ወስዶ ከሌላው አፍሪካ ምልክቶች ጋር በአዲስ ሰማይ ላይ አኖራቸው። በ1964 በሣለው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» በተባለው ሥዕል ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት በጨለማ ይበራሉ፤ ኋላ ደግሞ በቆዳና በዛፍ ልጥ ላይ ሠርቷል። በ1963 የፓሪስ የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም፣ ጥቂት ቈይቶም የኒው ዮርኩ ሙዚየም ሥራውን ገዙ።

በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በዚያም ከጀርመን የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ባልደረባው ነበረ። በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ። ያስተማረበት ጊዜ ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም፣ እነ ዘሪሁን የትምጌታና ወሰኔ ኮስሮፍ ያሉበት ትውልድ የብራናንና የፊደልን ውበት በአዲስ ዐይን ማየት የተማረው በዚያን ወራት ነው።

በ1970 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በዋሺንግተንም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 አስተማረ። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ እሱም ኑሮው በዚያው ሆነ። በመጨረሻ ዘመኑ ከሠዓሊት ከበደች ተክለ አብ ጋር ሆኖ በዋሺንግተን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ከአሉሚኒየም የተሠራ ትልቅ የግድግዳ ሥራ አበረከተ። በ2003 በዚያው ከተማ ዐረፈ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ በባሕር ማዶ ስለሚገኙ፣ የደብረ ታቦር ተማሪ የሚያያቸው በመጽሐፍ ወይም በስልክ ነው። ምንጫቸው ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ በእናቶቻችን አንገት ላይ፣ በየደብሩ ዕቃ ቤት፣ በሽማግሌው ደብተራ ማኅደር ውስጥ ይገኛል።

ክታብ ያድናል ብላችሁ እመኑ አላልሁም፤ ለበሽታ ሐኪም አለ። ዳሩ ግን የማያምኑበትን ነገር መናቅ ግዴታ አይደለም። እስክንድር ጠልሰሙን በመድኃኒትነቱ ሳይሆን፣ ፍርሃቱን በመስመርና በቀለም ያሸነፈ ሕዝብ የእጅ ሥራ አድርጎ ተመለከተው። እኛ የናቅነውን ብራና አገር ጐብኚ በገንዘብ ይገዛዋል፤ ያን ጊዜ ልጆቻችን የአያቶቻቸውን እጅ ለማየት ባሕር መሻገር ይኖርባቸዋል። ስለዚህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ፣ ከሽማግሌው ደብተራ አጠገብ ቁጭ ብለን ቀለሙ ከምን እንደሚበጠበጥ፣ ዐይኑም ስለ ምን እንዲያ እንደሚያፈጥ እንጠይቅ። ሳይጠይቁ መሳቅ ለተማረ ሰው አይገባም።