ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ሳላነብ ስፈርድበት

እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ አካባቢ የምንሠራ ኢትዮጵያውያን እሁድ እሁድ ቡና ላይ ስንሰባሰብ አገር እንሠራለን፣ አገር እናፈርሳለን። ሳምንቱን ሙሉ ከኦሪየንታል ፕላዛ ልብስ እየገዛን ስንቸረችር የምንውል ሰዎች ያን ቀን ሁላችንም የታሪክ ምሁር ነን።

አንድ እሁድ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስም ተነሣ። እኔም ሰውየው ምኒልክን የነቀፈው የአድዋ ልጅ ስለሆነ ብቻ ነው ብዬ ጉዳዩን ዘጋሁት። አንድ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት የትኛውን መጽሐፉን እንዳነበብኩ ጠየቁኝ። አንዱንም አላነበብኩም ነበር። ከሰው አፍ የለቀምኩትን ነው የደገምኩት።

አፍሬ አነበብኩት።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ተወለደ። በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ ወጥቶ አንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አሳደገው፤ በርሊን ሕክምና ተማረ። አገሩ ተመልሶ ለአጤ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ፤ ኋላም ዳግመኛ ስደት ቀመሰ። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለችው አጭር ሥራው በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ታተመች።

ይበልጥ ያሳፈረኝ መግቢያዋ ነው። ታሪክ የሚጽፍ ሰው የተደረገውን ልብ ብሎ ማየት፣ ሳያዳላ መፍረድ፣ ያየውንና የፈረደውንም አጥርቶ መናገር እንዳለበት ያስተምራል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ ማየት ከመፍረድ ይቀድማል። እኔ ግን የጀመርኩት ከመናገሩ ነበር፤ ያውም ሳላጠራ! ስለ ትግራይ ሕዝብ መበተን ማዘኑ እውነት ነው፤ አልደበቀውም። ነገር ግን ዋናው ሙግቱ ስለ ግብር፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ትምህርት ነው። ይህን በትውልድ መንደሩ ማሳነስ የእኔ ስንፍና ነበር።

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ በባዕድ እጅ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ድካሙን በርካሽ እንደሚሰጥ ያስረዳል። የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበረ ሰው ነውና ስለ ንግድ ሲናገር ከሩቅ አይደለም። ባዕድ የሰፋውን ሱሪ ሸጬ ለማድር ለእኔ ነገሩ ገብቶኛል።

እሱም ቢሆን ሁሉን አላወቀም። በ1904ቱ ጽሑፍ ተስፋውን የጣለው በልጅ ኢያሱ ላይ ነበር፤ ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻረ። ስለ ግብርና ስለ ንግድ የጻፈው ግን ከዚያም በኋላ ብዙ አከራክሯል። ተስፋው ምኞት ነበር፤ ሌላው መርምሮ የደረሰበት። ራሱ በ1911 ዓ.ም. 33 ዓመት ገደማ ሆኖት ሞተ።

መጽሐፉን ይዤ ልከራከራቸው ወደ ጋሼ ሄድኩ። እሳቸው ሳቅ ብለው እርሳቸውም እንዳላነበቡት ነገሩኝና ተዋሱኝ። እስካሁን አልመለሱልኝም።