ያልጻፈው ጽሑፍ ያሳሰረው አታሚ

እ.ኤ.አ በ1697 በዛሬዋ ጀርመን ምድር የተወለደው ጆን ፒተር ዜንገር በ13 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ኒውዮርክ ተሰደደ። አባቱ በባሕር ጉዞው ላይ ሞተ። ብላቴናው በመንግሥት አታሚው ዊልያም ብራድፎርድ ቤት ስምንት ዓመት አገልግሎ የኅትመት ሙያን ተማረ።

በ1732 የመጣው አገረ ገዢ ዊልያም ኮዝቢ በደመወዝ ክርክር ያልደገፈውን ዋና ዳኛ ከሥልጣን አነሣ። የከተማዋ ብቸኛ ጋዜጣ በብራድፎርድ እጅ ስለነበር የአገረ ገዢው ተቃዋሚዎች ወደ ዜንገር ዞሩ። ኅዳር 5 ቀን 1733 ኒውዮርክ ዊክሊ ጆርናል ለንባብ በቃ። የአገረ ገዢውን በደል የሚያጋልጡት ጸሐፊዎች ስማቸውን አያወጡም ነበር፤ በጋዜጣው ላይ የሚነበበው የአታሚው ስም ብቻ ነው።

ኮዝቢ አራት እትሞች እንዲቃጠሉ አዘዘ፤ ጸሐፊዎቹን ለሚጠቁምም 50 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። ኅዳር 17 ቀን 1734 ዜንገር ታሰረ። የተጠየቀው ዋስትና ከአቅሙ በላይ ስለነበር ከስምንት ወር በላይ በወኅኒ ቆየ፤ ጸሐፊዎቹን ግን አሳልፎ አልሰጠም። ባለቤቱ አና በበሩ ቀዳዳ መመሪያ እየተቀበለች ጋዜጣውን ማሳተሟን ቀጠለች።

በጊዜው ሕግ የመንግሥትን ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ እውነት መሆኑ መከላከያ አይሆንም ነበር። የዳኞቹን ሹመት የተቃወሙት ጠበቆቹም ከጥብቅና ታገዱ። ነሐሴ 4 ቀን 1735 ከፊላደልፊያ የመጣው አንድሪው ሃሚልተን ኅትመቱን ሳይክድ፣ እውነትን ማተም ወንጀል ሊሆን አይገባም ሲል ተሟገተ። ዳኛው የዜጎቹ ሸንጎ መታተሙን ብቻ እንዲያረጋግጥ፣ ጥፋተኝነቱን ለችሎቱ እንዲተው አሳሰበ። 12ቱ የሸንጎው አባላት ግን ጥቂት ተመካክረው ነጻ አሉት።

ብይኑ አንድ ሰው አዳነ እንጂ ሕጉን ወዲያው አልለወጠም፤ ኒውዮርክ እውነትን እንደ መከላከያ በሕግ የተቀበለችው በ1805 ነው። የሐሳቡ ባለቤቶች ስማቸውን ሸሽገው በቤታቸው ሲያድሩ የእስሩን ዋጋ የከፈለው አታሚው ነበር። ዜንገር ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመልሶ በ1746 እስኪሞት ሠራ። ከዚያም አና ጋዜጣውን ተረከበች።