አንቶን ደ ባሪና የተክሎች በሽታ

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ነገሥታትና የጦር መሪዎች ናቸው። እኔ ግን በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ዕድሜውን ቅጠልና ሻጋታ ሲመረምር ስላሳለፈ አንድ ሊቅ ልጽፍ ወደድሁ።

አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1831 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ስለ ነበር እርሱም ሕክምና ተምሮ በ1853 በበርሊን ተመረቀ። ነገር ግን ልቡ ወደ ዕፀዋት ስላዘነበለ ሐኪምነቱን ቶሎ ተወው፤ በፍራይቡርግ፣ በሀለ፣ በመጨረሻም በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ።

ደ ባሪ የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1845፣ በአየርላንድ የድንቹ ማሳ በምች ጠቁሮ በሰበሰ። ከዚያ በተከተለው ረኃብ 1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ድንቹን የሚያበሰብሰው እርጥብ አየር ነው፣ ሻጋታውም ከብስባሹ የሚወለድ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ደ ባሪ ግን ጤነኛ ድንቾችን ወስዶ በከፊሎቹ ላይ የሻጋታውን ዘር አሳረፈ፤ የቀሩትን ከዘሩ ጠበቃቸው። የታመሙትም ዘሩ ያረፈባቸው ብቻ ሆኑ። ይህንን በ1861 ባሳተመ ጊዜ ሻጋታው የበሽታው ልጅ ሳይሆን አባቱ መሆኑ ታወቀ። ለአገራችን ገበሬ ስሙ እንግዳ ያልሆነውን የስንዴ ዋግም መርምሮ፣ ዋጉ ከፊል ዕድሜውን በሌላ ቁጥቋጦ ላይ እንደሚያሳልፍ በ1865 አስረዳ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የ1886 ሥራው ነው። በሻጋታ ከበሰበሰ ካሮት ጭማቂ አውጥቶ በጤነኛ ካሮት ላይ ቢያደርገው፣ ሻጋታው በቦታው ሳይኖር የሴሎቹ ግድግዳ ሟሟ። ጭማቂው ሲፈላ ግን ይህ ኃይሉ ጠፋ። ስለዚህ ጠላት ከመግባቱ በፊት ግድግዳ የሚያሟሟ ፈሳሽ አስቀድሞ እንደሚልክ ተረዳ።

ደ ባሪ በ1888 በ56 ዓመቱ ሲሞት የነገሩን ሌላ ወገን ገና አላየም ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው የተክል ሴል ዝም ብሎ አይበላም። ከሟሟው ግድግዳ የሚወድቀው ስባሪ ራሱ የአደጋ ደወል ይሆናል። በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ ፕሮቲኖች ይህን ስባሪ ወይም ከሻጋታው ገላ የወጣ ቅንጣት ሲያገኙ ካልሲየም ወደ ሴሉ ውስጥ ይጎርፋል። ሴሉም ግድግዳውን ያጠነክራል፣ ሻጋታ የሚጎዳ መርዝ ይሠራል፤ አንዳንድ ጊዜም ጠላት ወደ ጎረቤቶቹ እንዳያልፍ ራሱን ይገድላል።

የበሽታው ምክንያት ሰማዩ ነው ብሎ የሚያምን ገበሬ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው የለም፤ ጠላቱን ያወቀ ግን በሽታ የሚቋቋም ዘር ይመርጣል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከመካከላችን ግብርና ለመማር የምናስብ ሁሉ ይህን ሰው ልናስታውሰው ይገባናል።