ሲልቪያ ፓንክረስትና የወደብ ሠራተኞች

ከደካና ከቦንጋ ተነሥተን ወደ ጅማ የምንጓዝ ተማሪዎች የጎጀብን ወንዝ ሳንሻገር አንሄድም። ራስ እምሩ ከጎሬ አፈግፍገው በመጨረሻ በጠላት ተከበው የተማረኩት በዚሁ በጎጀብ አካባቢ በታኅሣሥ 1936 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ይህን ከሽማግሌዎች ሰምተናል። በዚያው ወራት ለንደን አጠገብ፣ ዉድፎርድ በተባለ ሰፈር፣ አንዲት የ54 ዓመት ሴት ስለ ኢትዮጵያ በየሳምንቱ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። ብዙዎቻችን ሲልቪያ ፓንክረስትን የምናውቃቸው በዚህ ወዳጅነታቸው ነው። ለአድመኛ ሠራተኞች ስለ ቆሙ ከገዛ እናታቸው ማኅበር መባረራቸውን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

ሲልቪያ በ1882 ማንችስተር ተወለዱ። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ፤ እናታቸው ኤሚሊን በ1903 ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገለውን ዝነኛ ማኅበር መሠረቱ። ሲልቪያ የተማሩት ሥዕል ነው። በ1907 በእንግሊዝና በስኮትላንድ ዞረው ሰንሰለት የሚቀጠቅጡትን፣ ጫማ የሚሠሩትንና በጥጥ ፋብሪካ የሚደክሙትን ሴቶች ሣሉ። በ1912 መኖሪያቸውን ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ወደ ድኾች ሰፈር አዛወሩ።

በነሐሴ 1913 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን የትራም ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ወደ 400 የሚሆኑ አሠሪዎች ተባብረው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ አባል አልሆንም ብሎ የማይፈርም ሁሉ ከደጃችን ይውጣ አሉ። ወደ 20,000 ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ለረኃብ ተጋለጡ። የእንግሊዝ ሠራተኞች ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተው እህል በመርከብ ላኩ፤ የመጀመሪያው መርከብ ደብሊን የደረሰው በመስከረም መጨረሻ ነበር። ለተራበ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አድመኞቹ ግን የለመኑት ከዚህ የበለጠ ነው፤ የእንግሊዝ የባቡርና የወደብ ሠራተኛ የደብሊንን አሠሪዎች ዕቃ በእጁ እንዳይነካ ፈለጉ። የማኅበራቱ መሪዎች ታኅሣሥ 9 ቀን ለዚህ ጉዳይ ተሰብስበው እንቢ አሉ። እንጀራ እንልካለን፣ ሥራ ግን አናቆምም ማለታቸው ነው። በ1914 መጀመሪያ አድመኞቹ ተሸንፈው አንድ በአንድ ወደ ሥራ ተመለሱ።

ሲልቪያ ከዚያ አስቀድመው ኅዳር 1 ቀን 1913 በለንደኑ አልበርት አዳራሽ ከአየርላንዱ መሪ ከጄምስ ኮኖሊ ጋር በአንድ መድረክ ቆመው፣ የታሰረው የአድማው መሪ ጄምስ ላርኪን ይፈታ ዘንድ ለሕዝብ ተናገሩ። እናታቸውና እኅታቸው ክሪስታቤል የሴቶች ጉዳይ ከሠራተኛ ጉዳይ ጋር እንዲቀላቀል አይወዱም ነበር። በጥር 1914 ሲልቪያን ወደ ፓሪስ አስጠርተው ከማኅበሩ አሰናበቷቸው። ቤተሰብም ማኅበርም በአንድ ቀን እንደ ማጣት ያለ ነው፤ እሳቸው ግን ወደ ምሥራቅ ለንደን ተመልሰው የራሳቸውን ማኅበርና ጋዜጣ አቋቋሙ።

በዚያ ሰፈር የዘሩት ፍሬ በግንቦት 1920 ታየ። ጆሊ ጆርጅ የተባለው መርከብ ለፖላንድ ጦር መሣሪያ ሊጭን ለንደን ወደብ ቢቆም፣ ጫኝና አውራጆቹ አንጭንም ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። የሲልቪያ ማኅበር ሰዎች በወደቡ ጽሑፍ ሲበትኑ ቆይተው ነበር። መርከቡ መሣሪያውን ሳይዝ ሄደ። በዚያው ዓመት ጋዜጣቸው ባወጣው ጽሑፍ ምክንያት ሲልቪያ ስድስት ወር ተፈረደባቸው።

ነገሩ ወደ አገራችን የሚደርሰው በ1935 ነው። ኢጣልያ ልትወረን ስትዘጋጅ የእንግሊዝ ሠራተኞች ማኅበራት ጉባኤ በማርጌት ተሰብስቦ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን በንግድ እንዲቀጣ ደገፈ። ቅጣቱ ታወጀ፤ ነገር ግን ነዳጅ ዘይት አልነበረበትም፣ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። በዚሁ ዓመት በደቡብ አፍሪካ የደርባንና የኬፕታውን ጥቁር የወደብ ሠራተኞች ለኢጣልያ ጦር የሚሄደውን ሥጋ አንጭንም አሉ። በገዛ አገራቸው እንደ ሰው የማይቆጠሩ፣ የዕለት ደመወዛቸውን ቢያጡ ሌላ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ጎጀብን አያውቁትም። እንቢታቸው ጦርነቱን አላስቆመውም፤ ይህን አንደብቅም። ሆኖም በ1913 ደብሊኖች ለምነው ያጡትን ነገር እኛ ሳንለምን አገኘነው።

የሲልቪያ አዲሱ ጋዜጣ፣ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ፣ የመጀመሪያ ቁጥሩ የወጣው ግንቦት 5 ቀን 1936፣ ባዶልዮ አዲስ አበባ በገባበት ዕለት ነው። ያ ቀን የልደታቸውም ቀን ነበር። በሥራው የረዷቸው የትዳር ጓደኛቸው ሲልቪዮ ኮሪዮ ከአገራቸው የተሰደዱ ኢጣልያዊ ነበሩ፤ ጠላት የምንለው ሕዝቡን እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አናገኝም። ጋዜጣው 20 ዓመት ቆየ።

በ1956 ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገብተው ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለውን መጽሔት ጀመሩ። አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። የ1955ቱ ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጽ ማኅበር የመመሥረትን መብት ቢጽፍም፣ ሠራተኛው ማኅበሩን የሚያስመዘግብበት ደንብ እስከ 1962 አልወጣም። የለንደንን ሚኒስትሮች ዕረፍት የነሣው ያ ብዕር በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ አልተነሣም። ከመካከላችን አንዳንዶች የእንግድነት ጨዋነት ነው ይላሉ፤ ብዙዎቻችን ግን እንደ ጉድለት ቆጥረነዋል።

መስከረም 27 ቀን 1960 ዐረፉ። ወለተ ክርስቶስ ተብለው፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት ከአርበኞች ጋር ተቀበሩ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1963 ሲቋቋም፣ ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር።