ኖራው ለማን ነበር? የሊቢግ ሕይወትና የእኛ ሽንኩርት

የታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፉ ስንባል አብዛኞቻችን ደራሲ ወይም ጋዜጠኛ ነው የምንመርጠው። እኔ ግን ጀርመናዊ ኬሚስት መርጫለሁ። ምክንያቱ ደግሞ የአባቴ ሽንኩርት ነው።

ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው። አባቴ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ባለፈው ዓመት ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንበት ማዳበሪያ ጨመረ፤ ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ ኖራ አፈርን እንደሚያክም ከሬዲዮ ሰማና ሊገዛ ተነሣ። ደግነቱ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ መጀመሪያ አፈሩ ይለካ ብላ አስቆመችው። እኔም ነገሩ ከነከነኝና ላይብረሪ ገባሁ። ጁስተስ ፎን ሊቢግን ያገኘሁት ያኔ ነው።

ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1803 ዳርምሽታት ተወለደ። አባቱ የቀለምና የኬሚካል ነጋዴ ስለነበሩ ያደገው በብልቃጥ መሀል ነው። በ1816፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ አውሮፓን ብርድ መታትና ሰብል ጠፍቶ ረሃብ ገባ። ፓሪስ ሄዶ ከጌይ ሉሳክ ጋር ከሠራ በኋላ በ1824 ጊሰን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ዕድሜው ስንት ነበር? 21! እኔ በዚሁ ዕድሜ ገና ሁለተኛ ዓመት ነኝ።

በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተክል የበሰበሰ ነገር ብቻ ይመገባል የሚለውን የዘመኑን እምነት ተቃወመ፤ ከአፈር የሚወስደው ማዕድን ነው አለ። እድገቱን የሚወስነውም ከሁሉም ይልቅ ያነሰው ምግብ ነው። ሌላውን ብትቆልልለት ዋጋ የለውም። እርግጥ ይህን ሐሳብ ካርል ሽፕሬንገል ቀደም ብሎ ጽፎት ነበር፤ በዓለም ያሰራጨው ግን ሊቢግ ነው።

ታዲያ በ1845 የራሱን ማዳበሪያ እንግሊዝ አገር ለገበያ ሲያቀርብ ከሸፈ። ዝናብ እንዳያጥበው ብሎ በቀላሉ የማይሟሟ አድርጎት ነበር፤ ያልሟሟ ደግሞ ለሥር አይደርስም። በ1850 ቶማስ ዌይ አፈር ራሱ ምግብ ይዞ እንደሚያቆይ አሳየ። ናይትሮጅን ከአየር ይበቃል ማለቱንም ሎውስና ጊልበርት ሮታምስቴድ ላይ በስንዴ ሙከራ ሞገቱት። ሊቢግ ብዙ ዓመት ተከራከረ፤ ኃይለኛ ተሳዳቢም ነበር። በመጨረሻ ግን በ1862ቱ እትም ስለ ማዳበሪያው መሳሳቱን ራሱ ጽፎ አመነ። በ1873 ሙኒክ ውስጥ አረፈ።

እሱ ያልደረሰበት አንድ መለኪያ ነበር። በ1909 ዴንማርካዊው ሶረንሰን የፒኤች መለኪያን አወጣ። 7 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ በላይ ደግሞ አልካላይን ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው የአገራችን ደጋዎች አፈሩ ብዙ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ያክመዋል። የአባቴ ማሳ ሲለካ ግን ከ8 በላይ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ባለ አፈር ፎስፈረስ በካልሲየም ይታሰራል፤ ብረትና ዚንክ ለሥሩ አይገኙም። ምግቡ አለ፣ ግን ተቆልፎበታል። ኖራ ቢጨመርበት ቁልፉ ይጠብቅ ነበር!

አሁን አባቴ ብስባሽ ይጨምራል፤ ዩሪያንም በአንዴ ከማፍሰስ እየከፋፈለ፣ ሽንኩርቱ በሚያድግበት ጊዜ ይሰጣል። ቢጫው ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ቀንሷል።

ሬዲዮው እኮ አልዋሸም። ለደጋ የሚሆነውን ነገር ለየትኛው አፈር እንደሆነ ሳይናገር አለፈ እንጂ። ነገ እኛም ማይክ እንይዛለን። ሰሚው ቆላ ይሁን ደጋ ሳንጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ብንዘል፣ አንድ ገበሬ የልጁን ክፍያ ኖራ ሊገዛበት ይችላል። ብንሳሳት ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ማረሚያውን እንደ ሊቢግ ብዙ ዓመት አናቆየው።